ሉጫ እንዲህ አትልም

ባሕር ዳር፣ ጥር 1976 ዓ.ም.

ውድ እታለም፣

ደብዳቤ ሲጀመር ስለ ጤና ይጠየቃል ብለው ነው አስተማሪያችን ያስተማሩን። ለአንቺ ግን እንዴት ብዬ ልጠይቅ? ደጋግሜ ጻፍሁትና ደጋግሜ ሰረዝሁት። ስለዚህ የእኛን ብቻ ልንገርሽ። እኛ ደኅና ነን። እማዬ እህል መቅመስ ጀምራለች። አባዬ ከሥራ ሲገባ አሁንም ስምሽን ሊጠራ አፉን ይከፍትና ቆም ብሎ «አምሐ!» ይለኛል። እኔም የተጠራሁት እኔ እንዳልሆንሁ እያወቅሁ «አቤት» እላለሁ።

የምጽፍልሽ ግን ስለዚያ መጽሐፍ ነው።

ሽፋኑ የጠፋውን፣ አንቺ የኅብረት ሥራ ማኅበራት መመሪያ ሽፋን የሰፋሽበትን መጽሐፍ ማለቴ ነው። ወባው የያዘሽ ዕለት ትራስሽ ሥር ነበር፤ ሆስፒታል ስንወስድሽም እዚያው ቀረ። ከቀብርሽ በኋላ እማዬ አልጋሽን ስታነሣ አገኘችውና፣ መመሪያ መስሏት፣ በአባዬ ወረቀቶች መካከል አስቀመጠችው። እኔ አልነገርኋትም። ልነካውም አልፈለግሁም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እታለም፣ መጽሐፉን እጠላው ነበር። አንድ ቀን ማንጎው ሥር ተቀምጠሽ ከንፈርሽን እያንቀሳቀስሽ ብቻሽን ስትስቂ ደርሼ በትከሻሽ በኩል አንድ ገጽ አንብቤ ነበር። አልቤርቶ የሚባለው የሀብታም ልጅ የድሃዋን ተማሪ የሉቺያን ጫማ፣ ተማሪው ሁሉ እያየ፣ ወንዝ ውስጥ ይጥልባታል። እሷ ታለቅሳለች፤ ወዲያው ደግሞ ልቧ «በማታውቀው ጣፋጭ ስሜት» ይመታል። እኔም ተናድጄ፣

«ይሄን ባለጌ ነው የምትወጂው?» አልሁሽ።

አንቺም ቀና ሳትዪ «ቆይ፣ እኔ እጅ የገባ ሁሉ ሌላ ሰው ይሆናል» አልሽኝ።

እንደ ሌሎቹ የክፍላችን ሴቶች ልጆች የምታወሪ መሰለኝ። ክፉ ወንድ ሲወድ ይለወጣል የሚሉት ዓይነት። አንቺ እንዲህ ማሰብሽ አበሸቀኝ። ካረፍሽም በኋላ መጽሐፉን ሳየው የሚያንገበግበኝ ይኸው ነበር፤ ለመጨረሻ ጊዜ ያሰብሽው ስለዚያ ሰው መሆኑ።

አርባሽ ከወጣ በኋላ የሚታጠብ ልብስ ቤቱን ሞላው። እማዬ ወደ ሐይቁ መውረድ አልቻለችም፤ መንገዱ ጋ ስትደርስ ትመለሳለች። የትምህርት ቤት ሸሚዜ አንገቱ ጠቁሮ አስተማሪው ፊት አሳፈረኝ። አንድ ሐሙስ የጠዋቱን ትምህርት እንደጨረስሁ ሳፋሽን አውርጄ፣ ልብሱን ሞልቼ፣ ተሸክሜው ወረድሁ። መንገድ ላይ ልጆች «አምሒት! አምሒት!» እያሉ ተከተሉኝ። 

ሐሙስ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሴቶች የእረፍት ቀን እንደሆነ አላስታወስሁም ነበር። ትልቁ ሾላ ሥር ደርሰው ውሃ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተዋል። መጀመሪያ ያየችኝ ዘይነት ናት፤ ያቺ ከሽመና ክፍል፣ ቀልደኛዋ።

«ኧረ የወለላ ሳፋ መጣ!» አለች። ከዚያ ተሸካሚውን አየችና እጇን አፏ ላይ አደረገች።  እኔ ጎንበስ ብዬ ሸሚዜን ውሃ ውስጥ ስነክር እማማ ወለተ ሩፋኤል መጥተው ከእጄ ነጠቁኝ።

«ተው ልጄ። አንባቢ አያጥብም።»

«እኔ አንባቢ አይደለሁም፣ እማማ።»

«በሳፋዋ የመጣ አንባቢ ነው» አሉ፤ ሳፋውን ጎትተው ልብሳችንን ለሴቶቹ አከፋፈሉት። ያኔ ነው ደንባችሁን የሰማሁት። አንቺ ልብስ አጥበሽ አታውቂም ነበር! እነሱ የአንቺንም የእኛንም ያጥባሉ፤ አንቺ ታነቢያለሽ። ልብሱ ሣሩ ላይ ተሰጥቶ እስኪደርቅ ሌባ መጠበቅ ስላለባቸው እስከዚያ ታነቢላቸዋለሽ። እማዬ «የዚህች ልጅ እጅ እንዴት ያነጣል» እያለች ለጎረቤት ስትመካ አንቺ ዝም ብለሽ ትሰሚ ነበር። አይ እታለም።

«መጽሐፉስ?» አለች ዘይነት። «ሉጫን የት ጥላብን ሄደች?»

«ሉጫ ማን ናት?»

«ሉቺያ ነዋ» አለች ከጎኗ እንዶድ የምትደቁሰው ወጣት። «እማማ ስሟ አልያዝላቸው አለ። ፀጉሯም ሉጫ ነው ተብሏል፤ ስለዚህ ሉጫ ሆነች።»

ይቺ ወጣት ፀሐይወርቅ ናት። የፈትል ክፍሏ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ፊደል ያስቆጠርሻት። ካንቺ በዕድሜ ትበልጥ የለ? ግን ስለ አንቺ ስታወራ «አስተማሪዬ» ነበር የምትለው።

ቤት ሮጬ መጽሐፉን አመጣሁት። የታጠፈውን ገጽ ከፈትሁ። ሴቶቹ እያጠቡ፣ እየጨመቁ፣ ጆሯቸውን ወደ እኔ አደረጉ። እኔም ድምፄን ጠርጌ አነበብሁ። በትምህርት ቤቱ በዓል ዕለት አልቤርቶ ሉቺያን ዕቃ ቤት ውስጥ ቆልፎባት ይሄዳል። እሷም ጨለማው ውስጥ ተቀምጣ «የቆለፈብኝ ሌላ ሰው እንዳያየኝ ቀንቶ ነው፤ ይህን ያህል የወደደኝ ማን አለ?» ትላለች።

«ቁም!» አለች ዘይነት። እጇ ላይ አንሶላ ነበር፤ መጭመቋን ትታ «ምን አለች? ድገመው» አለችኝ።

ደገምሁት።

«ውሸታም!»

«እትዬ ዘይነት፣ እንዲህ ነው የተጻፈው።»

«የተጻፈውን እናውቃለን! ክረምቱን ሙሉ ተነቦልናል። አንተ ከየት አምጥተህ ትጨምራለህ?»

እማማ ወለተ ሩፋኤል ከውሃው ወጥተው ፊቴ ቆሙ። ጎስቋላ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ እንደ ዳኛ፣

«ሉጫ እንዲህ አትልም» አሉ።

«ታዲያ ምን ትላለች፣ እማማ?»

«እኔ ምን አውቄ! አንባቢው አንተ። ግን ጫማዋን ወንዝ የጣለባት ለት ምን አደረገች? ገብታ አወጣችው። እርጥብ ጫማዋን አድርጋ ክፍል ገባች። በተራመደች ቁጥር ጫማው ጯ፣ ጯ፣ ጯ ይላል። ተማሪው ሁሉ ዞሮ አልቤርቶን አየው። አፈረ። አንገቱን ደፋ። ይቺ ልጅ ናት ዛሬ ቆለፈብኝ ብላ ደስ የሚላት?»

ገጹን ወደ ኋላ ገለጥሁ። ጫማው ያለበትን ቦታ አገኘሁት። እታለም፣ መጽሐፉ ውስጥ ጯ ጯ የሚል ጫማ የለም። ያፈረ አልቤርቶም የለም። ያ ጫማ የእኔ ነው።

አስታወስሽ? ታንኳዎቹ ከሚታሰሩበት ቦታ ስጫወት ተንሸራትቼ ገብቼ፣ በእርጥብ ጫማ ትምህርት ቤት ስገባ ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰብኝ። ማን እንደነገረሽ አላውቅም፤ ከክፍልሽ ወጥተሽ መጣሽ። ጫማሽን ቧንቧ ሥር ነክረሽ አጠለቅሽው። ከዚያ እጄን ይዘሽ ሁለታችን ጯ ጯ እያልን ከነኩራታችን በግቢው መሀል ወጣን። እማዬ ጫማ በማበላሸት ሁለታችንንም ቆነጠጠችን። አንቺ ግን እየተቆነጠጥሽ ትስቂ ነበር።

ሾላው ሥር ቆሜ ማልቀስ አልፈለግሁም። ግን አለቀስሁ። ሴቶቹ በውሸቴ ተይዤ የማለቅስ መሰላቸውና አዘኑልኝ። «በቃ፣ በቃ፣ የጀማሪ ነገር ነው» አለች ዘይነት። «ለሚቀጥለው ሐሙስ አጥንተህ ና። በትክክል አንብብ!»

ልብሱን ስንሰበስብ ፀሐይወርቅ ሸሚዞቼን እያጠፈች ወደ እኔ መጣች።

«የሚመጣው ሐሙስ ግን መጨረሻውን አድርስልን» አለችኝ። «ከዚያ በኋላ ያለው እሑድ ሽማግሌ ይመጣብኛል።»

ነገሩን የነገረችኝ ዘይነት ናት፤ ፀሐይወርቅ ስትሸማቀቅ ወሬውን ቀማቻት። ከቀበሌያቸው ሱቅ ሳሙናና ስኳር የሚያድለው አካሉ የሚባል ሰው አለ። ፀሐይወርቅ ተሰልፋ ተራዋ ሲደርስ «ሳሙና የምትፈልጊ ከሆነ መጀመሪያ ሳቂልኝ» ይላታል። ካልሳቀች ካርዷን ይመልስላታል። ሰልፈኛው ፊት ሻሿን ከራሷ ገፎ መደርደሪያ ላይ ሰቅሎታል። ለምን ስትለው «ስለምወድሽ ነዋ» ይላል። አሁን ሽማግሌ ሊልክ ነው። የምታኖራት አክስቷም «ወንድ ሲወድ እንዲህ ይነካካል፤ ደግሞ የደመወዝ ሰው ነው» እያሉ ወጥረው ይዘዋታል።

«እኔም የሉጫን መጨረሻ ሳልሰማ መልስ የለኝም ብያቸዋለሁ» አለች ፀሐይወርቅ። ሳቀች። ሸሚዜን የሚያጥፈው እጇ ግን አልሳቀም፤ ታጥፎ ካለቀም በኋላ ያጥፈው ነበር።

ያን ሳምንት መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት። መጨረሻውን አሁን ልንገርሽ፤ አንቺ ግን ቀድመሽ ሳታነቢው አትቀሪም። አልቤርቶ ተንበርክኮ «ያደረግሁት ሁሉ ስለወደድሁሽ ነው» ይላታል። ሉቺያ «እያነባች እቅፉ ውስጥ ትወድቃለች»። ሠርግ ይሆናል። ተፈጸመ።

ይህን ሐሙስ ለፀሐይወርቅ ላነብላት ነው? ካላነበብሁስ ምን ልበላት? አንቺ ማንጎው ሥር ከንፈርሽን ስታንቀሳቅሺ እንዴት አድርገሽ ታመጭው ነበር? ማንጎው ሥር ተቀምጬ እንደ አንቺ ከንፈሬን አንቀሳቀስሁ። ምንም አልመጣልኝም። ጎረቤት አይቶ «ልጁም ጀመረው» ሳይል አይቀርም።

ረቡዕ ከሰዓት እማዬ ጎመን ስትከትፍ አጠገቧ ተቀመጥሁ።

«እማዬ፣ አንድ ሰው ሲያስለቅስሽ ኖሮ ኋላ ስለምወድሽ ነው ቢልሽ ምን ትይዋለሽ?»

«ማን ነው እሱ?» አለች ደንግጣ።

«መጽሐፍ ላይ ነው።»

ጎመኗን መክተፍ ቀጠለች። «አባትህ አስለቅሶኝ አያውቅም። አላውቅም» አለች። ከዚያ ቢላዋዋ ቆመ። «እሷን ብትጠይቃት ኖሮ... ትንሽ ልጅ ሆና የሚመታት የጎረቤት ልጅ ነበር። እናቱ ይዛው መጣችና ‹ለጨዋታ ነው› አለ። ወለላ ምን እንዳለችው ታውቃለህ? ‹ጨዋታ ከሆነ ለምን አንተ ብቻ ሳቅህ?›»

ካረፍሽ ወዲህ እማዬ ስምሽን ስትጠራ ያኔ ገና ሰማሁ። ስትጠራሽም ፈገግ ብላ ነበር፣ እታለም።

ሐሙስ ወረድሁ። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ልብሱን ቶሎ ያደርቀዋል ብለው ሴቶቹ ተጣድፈዋል። ከደቅ ደሴት እንጨት ጭኖ የመጣ ታንኳ ዳር ቆሟል፤ ባለታንኳውም ሳይቀር ቁጭ ብሎ ይሰማል። እኔ መጽሐፉን ፊቴ ላይ ገልጬ፣ ዓይኔን ካልተጻፈበት ኅዳግ ላይ ተክዬ አነበብሁ። ከዕቃ ቤቱ ሉጫ በሩን ገንጥላ እንድትወጣ አደረግሁ። ዘይነት «እሰይ!» አለች። በዓሉ ላይም ሸረሪት ድር እንደለበሰች ገባች። እማማ ወለተ ሩፋኤል አንሶላውን ጥለው አጨበጨቡ።

ከዚያ መጨረሻው ደረሰ። አልቤርቶን አንበረከክሁት። «ያደረግሁት ሁሉ ስለወደድሁሽ ነው» አስባልሁት።  ፀሐይወርቅ ከአጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ እንዶዱን አስቀምጣለች።

«ሉቺያም» ብዬ አነበብሁ፣ «ቁልቁል አየችው። ከዚያም፣ ‹ፍቅር ከሆነ ለምን እኔ ብቻ አለቀስሁ?› አለችው።  እሷም ሻንጣዋን አንሥታ፣ ባቡር ጣቢያው ድረስ በእግሯ ሄደች። ዝናብ ይዘንብ ነበር። ጫማዋም ጯ፣ ጯ፣ ጯ ይል ነበር።»

መጽሐፉን ዘጋሁት።

«ከዚያስ?» አሉ እማማ።

«አበቃ፣ እማማ።»

«ሳታገባ?»

«መጽሐፉ አይልም።»

«ታገባለች» አሉ ቆርጠው። «ባቡሩ ላይ ሌላ ሰው አይጠፋም።»

ሴቶቹ ተንጫጩ። ባቡሩ ወዴት እንደሚሄድ፣ የሚጠብቃት ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ ተከራከሩ፤ ዘይነትማ የባቡሩን ነጂ መርጣላታለች። በመካከሉ ፀሐይወርቅ እጇን ዘረጋችና «እስቲ ስጠኝ» አለችኝ።

ሰጠኋት። ምን ላድርግ? የመጨረሻውን ገጽ ከፍታ፣ ጣቷን ከመስመሩ ሥር አድርጋ፣ እንዳስተማርሻት ፊደል በፊደል ማንበብ ጀመረች። ድምፅ አልነበራትም፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ጣቷ «እቅፉ ውስጥ» የሚለው ላይ ሲደርስ አየሁት።  ሌሎቹም ጠበቋት።

ቀና አለች።

«ልክ ነው» አለቻቸው። «እንዳነበበው ነው የሚለው።»

«አላልኋችሁም!» አሉ እማማ። «አሁን በትክክል አነበበ!»

ወደ ቤት ስንመለስ ሳፋዬን በአንድ በኩል ይዛልኝ ተከተለችኝ። መጠየቅ አፈርሁ። እሷ ራሷ ጀመረችው።

«እኔ እኮ ሁልጊዜ ከጎኗ ነበር የምቀመጠው። ጫማው ጋ ስትደርስ አየሁ፤ ዓይኗ የሌለ ነገር ያነባል።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ምን ብዬ? የእሷ ይሻል ነበር።»

«ታዲያ ያልተጻፈ እንደምታነብ ካወቅሽ መጨረሻውን ለምን ጠበቅሽ?»

ሳፋውን ወደ ሌላ እጇ አዛወረች። «የመጽሐፉንማ ሳላነበውም ገምቼዋለሁ። አክስቴም እኮ የምትለኝ እሱኑ ነው። የእሷን ነበር የምጠብቀው። ሞታ ቀረብኝ ብዬ...» ትንሽ ሄድን። «አልቀረብኝም» አለች።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ይህን የነገረችኝ ዘይነት ናት፤ ትሪ ላቅርብ ብላ ገብታ በሩ ሥር ቆማ ነበር። አክስትየዋ ሊመልሱ ሲሉ ፀሐይወርቅ ራሷ ወጥታ እጅ ነሣች።

«አባቶቼ፣ ደክማችሁ መጥታችኋል፤ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ጠይቁልኝ። ፍቅር ከሆነ ለምን እኔ ብቻ አለቀስሁ? ሳሙናውን ግን ለራሱ ይያዘው በሉት። እኔ እንዶድ አለኝ።»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቃቸው አምልጧቸው በሳል ሸፈኑት አለች ዘይነት። አክስቷ ተቆጥተው ሰነበቱ፤ አሁን ግን ምሳዋን መቋጠር ጀምረውላታል። አካሉም አሁንም ከባንኮኒው ኋላ ነው። ግን ፀሐይወርቅ ብቻዋን አትሰለፍም። ባለፈው «ሳቂልኝ» ሲላት ዘይነትና ከኋላ ያሉት ሴቶች በሙሉ እንደ መዘምራን ባንዴ ሳቁለት። ሳቁ፣ ሳቁ፣ አላቆሙም። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አየው። ሳሙናውን ቀና ሳይል አወጣላት ይባላል። እኔ አልነበርሁም። ግን ጫማ ጯ ጯ ሲል የሰማሁ መሰለኝ።

እታለም፣ እኔ እኮ ለመጨረሻ ጊዜ ያሰብሽው ስለዚያ ክፉ ሰው መስሎኝ ነበር የማዝነው። አንቺ ግን ስለ ሉጫ ነበር የምታስቢው። እኔ እጅ የገባ ሁሉ ሌላ ሰው ይሆናል ያልሽው እሷን ነው። አሁን ገባኝ።

ሌላ መጽሐፍ አግኝተናል፤ ዘይነት ከአጎቷ ሱቅ አመጣችው። ሽፋን የለውም፤ የእኛኑ መመሪያ ፈትተን ሰፋንበት። የሴቶች ማኅበሯ ሊቀመንበር ባለፈው ሐሙስ አልፋ ስትሄድ አይታን «በርቱ፣ ጥናቱን ቀጥሉበት» አለችን። እማማ ወለተ ሩፋኤል ሳቁን መያዝ አቅቷቸው ውሃ ውስጥ ተቀመጡ። ግማሹን እኔ አነባለሁ፣ ግማሹን ፀሐይወርቅ። እሷ ስታነብ ልብሱ ደርቆ ገና ገጹ አያልቅም፤ ማንም ግን አይነሣም። የሚያስከፋ ነገር ሲመጣ ደግሞ ሁለታችንም ቀስ ብለን እንተያያለን።

ያን ዕለት ማታ እማዬ ልብሱን ከሳፋው ስታወጣ ሸሚዜን ወደ ብርሃን አንሥታ አየችው።

«ይሄ የማን እጅ ነው?» አለችኝ።

ነገርኋት። ሁሉንም። ሳፋውን፣ ደንቡን፣ አጥበሽ እንደማታውቂ። መጀመሪያ አለቀሰች፤ ከዚያ «ያቺ ቀጣፊ!» ብላ እስኪያማት ሳቀች። አባዬ ሳቋን ሰምቶ ከጓሮ ሮጦ መጣ። ዛሬ ሐሙስ፣ ከትምህርት ስመለስ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች፤ መንገዱ ጋ ስንደርስም አልተመለሰችም። ይህን የምጽፍልሽ ሾላው ሥር ሆኜ ነው። እማዬ ከእማማ ወለተ ሩፋኤል ጎን ውሃው ውስጥ ቆማለች፤ አንባቢ ስለሆንሁ ግን እኔን አላስነካችኝም።

ነፋሱ መጥቷል፤ ልብሱም ሊደርቅ ነው። እየጠሩኝ ስለሆነ ልነሣ። የጻፍሁትን ሁሉ ካነበብሽና የማይመስል ነገር ካገኘሽበት አስተካክለሽ አንብቢው።

ከሳፋሽ ተሸካሚ፣

ወንድምሽ አምሐ